ከሙከይፉ የተፋቀው ጨው

አሰላሙ አለይኩም፣ የኔ ሰው፣ የዘይነብ አባት።

ከተለየኸን ሦስተኛው ረመዳን ገባ። እኛ እዚያው ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ነን። ማንሺያ ሰፈር ተቀጥሬ የምሠራበት ቤትም አልተቀየረም። በውሃ የሚያቀዘቅዘውን የቤታችንን ሙከይፍ ግን ያን ቀን ከጠፋ ወዲህ ማንም አላስነሳውም። ሙቀቱ ሲብስ አልጋችንን ግቢ አውጥተን እንተኛለን። ጎረቤት ይስቅብኛል፤ ይሳቅ፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ዛሬ የምጽፍልህ ፈርቼ ነው። የልጅህ ትምህርት ቤት የሳይንስ ኤግዚቢሽን ሊያሳይ ነው። መምህሯ ነገር ሰብስቦ ማሳየት፣ ሞዴል መሥራት ወይም ሙከራ፣ ከእነዚህ አንዱን ምረጡ ብሏቸዋል። እኔ ወዲያው ሰብስቢ አልኳት። የዓባይ ዳር ጠጠርም ይሁን ቅጠል፣ የፈለግሽውን፤ ጠጠር ሰው አይገድልም። እሷ ግን ያንተው ልጅ አይደለች? ሙከራ መረጠች፤ ያውም የኤሌክትሪክ።

ሬዲዮ ስትጠግን ጎንህ ቁጢጥ ብላ ብሎን ታቀብልህ እንደነበር ታስታውሳለህ? ያኔ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ሽቦ በእጇ ሳይ የማየው አንተን ነው። ውሃ ጠፍቶ ሰንብቶ፣ መብራት ገና መምጣቱ ነበር፤ ቶሎ ቤቱን ላቀዝቅዝላችሁ ብለህ ሶኬቱን ሳትነቅል ሙከይፉን በጀሪካን ልትሞላ ሄድክ፤ በዚያው ኤሌክትሪኩ ያዘህ። እዚህ ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል።

ትናንት ከሥራ ስገባ ሙከይፉ ስር ተቀምጣ አገኘኋትና ጮህኩ። ለካስ ገንዳው ላይ የደረቀውን ነጭ ጨው በማንኪያ እየፋቀች ነው። አስቀምጣ አሳየችኝ፦ ሁለት ብርጭቆ ውሃ፣ አራት የባትሪ ድንጋይ፣ ከአሮጌው ሬዲዮህ የወጣች ቀይ መብራት። ሽቦዎቹን ንጹሑ ውሃ ውስጥ ስትነክር መብራቷ ጭል እንኳ አላለችም። የሙከይፉ ጨው የሟሟበት ውስጥ ስትነክራቸው ግን ቦግ አለች። ወደ ኋላ ዘለልኩ። እማዬ፣ የባትሪ ድንጋይ ነው፣ አይነካሽም፤ ሰው ይህን ካየ ኢንሻአላህ ሶኬቱን ሳይነቅል ውሃ አይሞላም አለችኝ። አንተን አላነሳችም። እኔ ግን አለቀስኩ።

እሺ አልኳት። ኤግዚቢሽኑ በሰላም እስኪያልፍ እንቅልፍ የለኝም። ዱዓ እያደረግኩ አጠገቧ እቆማለሁ።

አላህ ቀብርህን ኑር ያድርግልህ። እኔ በሕይወት እስካለሁ አትረሳም። ማንሺያም ቢሆን የሰው ሙከይፍ ውሃ ልሞላ ስል፣ መጀመሪያ ስምህን ጠርቼ ሶኬቱን እነቅላለሁ። ከነቀልኩም በኋላ ተመልሼ አየዋለሁ።