ለወንድሜ ተዝካር ላውጣ ወይስ ልጠብቀው?

ለክቡር የተነጣጠሉ ቤተሰቦች ጉዳይ መምሪያ ኃላፊ
ሴኡል

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ባለቤትዎና ልጆችዎስ? አንድም ሰው ከውኃ ማዶ ሳይቀርበት ዙሪያውን የሚሞላው ገበታዎስ ደህና ነው? እኔ ታክ ቡንሬ፣ በግዮዶንግ ደሴት ጨው የገባ ዓሣ እየሸጥኩ ያረጀሁ ባልቴት፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ቀደም ብዬ በግል የላክኋቸው ማንም እንዳይከፍታቸው በጥንቃቄ ተቀምጠው ይሆናል ብዬ ነው።

ጉዳዬ አጭር ነው። በጦርነቱ ጊዜ ታላቅ ወንድማችን ታክ ኢንሱ እኔንና ታናሻችንን ማንሺክን በጀልባ ወደዚህ ደሴት አሻገረንና እናታችንን ሊያመጣ ማዶ ወዳለው መንደራችን ወደ ዮንቤክ ተመለሰ። «የባሕሩ ውኃ ሳይሸሽ እደርሳለሁ፤ ማንሺክን እንዳታስለቅሺው» ነበር ያለኝ። ከዚያ ጦርነቱ ቆመ፣ ድንበሩም በውኃው ላይ አለፈ። ዛሬ ዕድሜው ከዘጠና ዘሏል፣ ካለ። እኔም የምጠይቅዎ ይህንኑ «ካለ» የሚለውን ነው።

አንደኛ። ልጅ ሳለሁ መንደራችን ደቡብ ነበር፤ ጦርነቱ ሲቆም ሰሜን ሆነ። አንድም ጎጆ ግን ከቦታው አልተነሣም፤ ሰማዩ ሲጠራ ከጓሮዬ ሆኜ አየዋለሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። አገርን ሳያንቀሳቅሱ ማዛወር የቻሉትን አዋቂዎች ሁሉ በእኔ ስም ያመስግኑልኝ።

ሁለተኛ። በየዓመቱ ከመሥሪያ ቤትዎ አንዲት ጨዋ ልጅ ትደውልልኛለች። «እማማ፣ እንደምን ነዎት? በሕይወት መኖርዎን ለማረጋገጥ ነው የደወልኩት» ትለኛለች። «አለሁ የኔ ልጅ። ወንድሜስ?» እላታለሁ። «ውይ እማማ፣ እሱ እንኳ የእኛን ክፍል አይመለከትም» ብላ ትሰናበተኛለች። የወለድኳቸው ልጆች እንኳ መሞት አለመሞቴን በዚህ ትጋት አይከታተሉም፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ሦስተኛ። ለመኸር በዓል የላካችሁልኝ ሳሙና ደርሶኛል፤ መዓዛውም መልካም ነው። በላዩ ያለው ካርድ «ሕመምዎን እንጋራለን» ይላል። እንግዲያው በጉልበቴ ጀምሩልኝ።

ለሚቀጥለው ነገር ቁጥር ልሰጠው እጄ እምቢ አለኝ። እንደሚያውቁት በወጋችን የሞተበት ቀን ላልታወቀ ሰው የሙታን ማዕድ የሚዘረጋው በዘጠነኛው ወር በዘጠነኛው ቀን ነው። ዘንድሮ በዚያ ቀን ማንሺክ ፒር፣ ደረቅ ዓሣና የሩዝ አረቄ ተሸክሞ ከኢንቾን መጣ። የወንድማችንን ስም ወረቀት ላይ ጽፎ አቆመ፣ ለሙታን እንደሚደረገውም ማንኪያውን ሩዙ ላይ ቀጥ አድርጎ ተከለው። ሊሰግድ ጎንበስ ሲል ማንኪያውን መንጭቄ አወጣሁት።

«ምን ነካሽ እትዬ? ዘጠና ምናምን ዓመቱ ነው እኮ! ነፍሱን በረሃብ ልትቀጪያት ነው?»

«በቁሙ ልትቀብረው ነው እንዴ? አንተ እዚህ ስትሰግድለት እሱ እዚያ ማዶ ምሳውን እየበላ ቢሆንስ?»

«ካለ እሰየው! ከሞተ ግን ማን ያበላዋል? እስቲ ንገሪኛ!»

ማንሺክ ዓሣውን ጠቅልሎ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ደውሎልኝም አያውቅም። አንዱን ወንድሜን ድንበር ወሰደብኝ፣ ሌላውን ደግሞ በሰሃን ሩዝ አጣሁት። ተናድጃለሁ ክቡር ሆይ፤ የተናደድኩት ግን በእርስዎ ነው፣ በማንሺክ አይደለም። ልጁ እውነቱን ነው፣ እኔም እውነቴን ነው። ከሁለታችን ማን እንደተሳሳተ መናገር የሚችለው መሥሪያ ቤትዎ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል።

አገናኙን አላልኩም። ካሜራ ፊት አቅፌው እንዳለቅስም አልጠየቅኩም። «አለ» ወይም «ሞቷል»፣ አንዷን ቃል ብቻ ስጡኝ። ከወዲያኛው መንግሥት ጋር መነጋገሪያ መንገድ የለንም እንዳይሉኝ ብቻ እለምናለሁ። ሁለታችሁ ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ በድምፅ ማጉያ ስትሰዳደቡ ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ ያደርኩ ሰው ነኝና። በስድቡ መሀል አንድ ጊዜ «ታክ ኢንሱ፣ አለህ ወይ?» ብላችሁ ብትጣሩ ምን ይቀርባችኋል?

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁብዎ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ጉልበቴ እስከፈቀደልኝ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣ ለማስቸገር ብቻ በሕይወት የቆየሁ ታዛዥዎ፣

ታክ ቡንሬ
ከግዮዶንግ ደሴት

ማስታወሻ፦ ይህን ከጨረስኩ በኋላ አንድ ነገር መጣብኝ። ኢንሱም ስለ እኔ የሰማው ነገር የለም። እሱም ካለ፣ በዚያው በዘጠነኛው ቀን፣ እዚያ ማዶ ሆኖ ለእኔ ማዕድ ዘርግቶ ይሰግድ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ሁለቱ መንግሥታት ምንም ተባብረው አያውቁም ማለቴን ትቻለሁ፤ በቁማቸው ያሉ እህትና ወንድም አንዳቸው የሌላቸውን ተዝካር እንዲያወጡ አድርጋችኋልና።