የቀለሙ ማጣሪያ

ባንቺ፣

ወደ ጋዝጊብላ የሚሄደው መኪና ሊወጣ ነው። አክስቴ ጋ እሄዳለሁ፤ አትደውዪልኝ።

የምትኩን ሞተር ሳይክል እዚሁ አብረን በኖርንበት ቤት ቀብተሽ ለሠርጋችሁ ልታደርሺለት፣ ምን ምን ልግዛ ብለሽኝ ነበር። ጋራዥ የሠራሁት እኔ ነኝና ልንገርሽ። መርጫውን የቀለም ኩባያው ከላይ የተገጠመለትን ምረጪ፤ ለትንንሽ እቃ እሱ ይመቻል። ኮምፕሬሰሩ የውሃ ማጣሪያ ከሌለው አትውሰጂው፣ ከአየሩ ጋር ውሃ እየተፋ ቀለሙን ያበላሽብሻል። የአፍ መሸፈኛ የጨርቁን ተይውና ማጣሪያ ያለውን ግዢ። በሩን ሳትከፍቺም እንዳትረጪ። ብትታመሚ የሚያስታምምሽ የለም፤ እኔ እንደሆንኩ ሄጃለሁ።

ቀለሙን በስስ ጨርቅ ሳታጣሪ መርጫው ውስጥ አትጨምሪ፣ አፍንጫውን ይደፍነዋል። ይህን እንኳ ሳልነግርሽም ታውቂያለሽ። ባለፈው ሳምንት ጥቁሩን ቀለም ያጣራሽበት፣ እናቴ ከመሞቷ በፊት የፈተለችልኝ ነጠላ ነው። ሳለቅስ ምን አልሽኝ?

«ጨርቅ አይደል እንዴ! ምን ያስለቅሳል?»

የሞተሩን የቤንዚን ታንከር ከጋራዥ በተዋስኩት መርጫ እኔው ቀብቼልሻለሁ። ግቢ ውስጥ ተሰቅሏል፤ እስኪደርቅ አትንኪው። ቀይ ቀለም እንዲህ አምሮልኝ አያውቅም፣ አንዲት ጉድፍ የለበትም። ጥሩ ማጣሪያ ፍለጋ ቤቱን ሳስስ፣ ለመልስሽ ያሠራሽውን ነጠላ ሳጥንሽ ውስጥ አገኘሁት።

አጣጥፌ ቦታው መልሼልሻለሁ። በቤንዚን ለማስለቀቅ አትድከሚ። በእናቴ ነጠላ ሞክሬ አይቻለሁ፤ አይለቅም።

ሠርካለም