ከመጋረጃው ኋላ

እሑድ፣ ሰኔ 9፣ ከሰዓት በኋላ

ለምሳሳልህ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትክ? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ ምእመኖችህስ እንዴት ናቸው? እኔ አለሁ። «ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምርልህ ነበር፤ ግን ለሰባኪ ልጅ በእሑድ ቀን መዋሸት ይከብዳል። በስልክ እንዳልነግርህ ወይ አንተ ትቸኩላለህ ወይ እኔ አለቅሳለሁ። ስለዚህ የስፌት መኪናዬን ወደ ጥግ ገፋ አድርጌ ወረቀት ዘርግቻለሁ። አንተም ቁጭ ብለህ አንብበው።

አባትህን የአረጋውያን መጦሪያ አስገብቼዋለሁ። ሐሙስ ነው የሄደው። ከመጀመሪያው የነገርኩህ «ምን ሆኖ ይሆን» እያልክ እንዳትጨነቅ ነው፤ በሕይወት አለ። እንዴት እንዳስገባሁት ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለጎረቤታችን ለባለ ሥጋ ቤቱ እንኳ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ ሆዴ አልቻለውም።

የአባትህን የጠዋት ጸሎት መቼም አትረሳውም። ከአልጋው ጎን ይንበረከክና የቀኑን ጉዳይ ሁሉ ጮክ ብሎ ያቀርባል፤ የመጋዘኑን በር ሥራ ልቀበል ወይስ ልተው፣ ይህን ልጅ ዛሬ ልቆጣው ወይስ ነገ። ከዚያ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ጥቂት ቆይቶ «እሺ ጌታዬ» ይልና ብድግ ነው። እኔ ደግሞ «ዛሬስ ምን አለህ?» እያልኩ አሾፍበት ነበር። አንዴ አንድ ሽቅርቅር ሰውዬ ሳሙና ላይ ያተመውን ቁልፍ አምጥቶ ቅረጽልኝ ሲለው፣ «ነገ ጠዋት ጠይቄ እነግርሃለሁ» ብሎ መለሰው፤ ሰውዬው ፖሊስ የሚጠይቅበት መስሎት በዚያው ቀረ። ፍሬን የሌለውን ብስክሌት ግዛ ያለኝም ጌታ ነው ብሎን ነበር፤ ያንን እንኳ እስከ ዛሬ አላምነውም። ብቻ ዕድሜውን ሙሉ የሰው በር ሲከፍት ኖሮ አንድም ቀን እጀ ረጅም ተብሎ ሳይታማ የቀረው በዚያ ጸሎት ነው። አንተም ስብከትህን የተማርከው ከዚያ አልጋ ጎን ይመስለኛል።

በሽታው ሲመጣ ስሙን ወሰደበት፣ ያንተን ስም ወሰደበት፣ ከዚያ እኔን ወሰደኝ። የተወለት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ጸሎቱንና እጆቹን። ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ «ሱቅ ልክፈት» ይላል። በሩን ብቆልፍበት በጸጉር ማስያዣዬ ይከፍተዋል። ትልቅ ጓጉንቸር ገዝቼ ባንጠለጥልበት ከፈተው፣ ወለወለው፣ ዘይት ቀባውና፣ «እትዬ፣ ይህን የሸጠልዎት ሰው አታሎዎታል» ብሎኝ ወጣ። ለቁልፍ ሠሪ ምን ይቆለፍበታል?

እትዬ ያለው እኔን ነው። አርባ ዓመት «አንቺ» ያለኝ ሰው አንቱ አለኝ። ልብስ የምጠግን ሴትዮ መሆኔን አውቋል፤ ሚስቱ መሆኔን ነው ያጣው። መጀመሪያ ላይ ሳቅኩ፤ በስተርጅና የባሌ ታላቅ እኅት ሆንኩ ብዬ ለባለ ሥጋ ቤቱ ቀለድኩበት። አሁን ቀልዱ አልቆብኛል።

ጥርሱ የተሰበረው ወድቆ ነው ያልኩህ ውሸት ነው። ከኋላችን ባለው መንገድ የሰው ቤት ከፍቶ ገብቶ ነው። ቤቱ መስሎት። ሰዎቹ ከእንቅልፋቸው ሲነሡ ሳሎናቸው ውስጥ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ሲያወልቅ አገኙት። ሌባ ብለው ቀጠቀጡት። ባለ ሥጋ ቤቱ ጩኸቱን ሰምቶ «ኧረ ተዉ፣ የዚህን ሰፈር ቁልፍ ሁሉ የሠራ ሰው ነው» ብሎ ባያስጥለው ኖሮ ዛሬ ሌላ ደብዳቤ ነበር የምጽፍልህ። ሰዎቹንም አልፈርድባቸውም፤ ምን ያውቃሉ?

ፋሻው ሳይፈታ አንድ ጠዋት እንደ ልማዱ ተንበረከከ። እኔ አልጋውን ከስፌት መኪናዬ ከሚለየው መጋረጃ ኋላ ሆኜ መድኃኒቱን አዘጋጃለሁ። «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ወዴት ልሂድ?» አለ። እሱን ስጠብቅ አድሬ ዓይኔ ደም ለብሷል፤ ኑሮዬ ሁሉ ታክቶኛል። «የትም አትሂድ፤ ቤትህ ቁጭ በል!» ብዬ ከአፌ አመለጠኝ። «እሺ ጌታዬ» ብሎ ተነሣ። ቀኑን ሙሉ ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም።

በማግስቱ ዓይኔን በጨው አጥቤ ከዚያው መጋረጃ ኋላ «መድኃኒትህን ዋጥ» አልኩት። ከእጄ ስሰጠው «የማላውቀው ሰው የሰጠኝን አልውጥም» እያለ የሚተፋው ሰውዬ ዋጠ። ከዚያ ወዲያ ኑሯችን ይኸው ሆነ። ገላህን ታጠብ፣ ምሳህን ብላ፣ የሰው በር አትንካ። ጉንፋን ይዞኝ እየሳልኩ ስመልስለት እንኳ አልጠረጠረም። ግን በየጠዋቱ ከመነሣቱ በፊት አንድ ጥያቄ አለችው። «ባለቤቴስ የት ሄደች?» ይላል። «ትመጣለች» እለዋለሁ። እሺ ይላል። መጋረጃውን ገልጬ ስወጣ፣ «እንደምን አደሩ እትዬ» ይለኛል። ልጄ፣ ይህ አንጀት ይቆርጣል።

የራሴ ጸሎት ደግሞ ጠፋብኝ። ተንበርክኬ «ምን ላድርግ?» ስል የሚሰማኝ የገዛ ድምፄ ነው፤ ቤትህ ቁጭ በል የሚለው። እሱ ለሚጠይቀው እኔ የምመልስ ከሆነ፣ እኔ ለምጠይቀው ማን ይመልሳል? አንተ መድረክ ላይ ቆመህ የሚጠይቅ ሰው ይመራል ስትል ሰምቼሃለሁ። እኔ ጠየቅሁ። አልቅሼ ጠየቅሁ፣ ተቆጥቼም ጠየቅሁ። ጣራው ብቻ ነው ያለው።

በዚህ ሰሞን እንቅልፍ ጥሎኝ እንደገና አመለጠኝ። እዚያው ቤት በር ላይ ሽቦ ይዞ ተገኘ። አባወራው ራሱ ይዞት መጣና፣ «እኔ አሁን አውቄዋለሁ፤ ልጆቼ ግን በጨለማ ፊት አይለዩም» አለኝ። ዛቻ አልነበረም፤ እውነቱን ነው። ለአንተ የደወልኩት ያን ዕለት ነው። «እማዬ ጸልዪበት፣ ጌታ መንገዱን ያሳይሻል፣ አሁን ስብሰባ ልገባ ነው» አልከኝ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም የሚለውን ተረት ልመልስልህ ስል ስልኩ ተዘጋ።

በመጦሪያው አንድ አልጋ ተለቆ ነበር። ኃላፊዋ ደግ ሴት ናት፤ ግን በግድ አናስገባም፣ መኪናው ላይ በፈቃዱ ከወጣ ብቻ ነው አለችኝ። አባትህ ይህን ቤት በፈቃዱ ጥሎ እንደማይሄድ አውቃለሁ፤ ሚስቱን እየጠበቀ ነዋ። ሊያስወጣው የሚችል አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ማስገደድና ማዘዝ ልዩነታቸው ምን እንደሆነ አንተ ተምረሃል፤ እኔ አላውቀውም።

ሐሙስ ጠዋት ተንበረከከ። «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ምን ላድርግ?» አለ። መጋረጃውን ጨብጬ ቆምኩ። የሆነ ሰው በሩን አንኳኩቶ ቢያስጥለኝ ብዬ ተመኘሁ። ማንም አላንኳኳም።

«መኪና ይመጣል፤ ገብተህ ሂድ» አልኩት።

እሺ አላለም። ከዚያ በፊት እሺ ሳይል ቀርቶ አያውቅም።

«ባለቤቴስ? መጥታ ብታጣኝስ?»

«እኔ እነግራታለሁ።»

 ከዚያ «እሺ ጌታዬ» አለ፤ ድምፁ ግን ትንሽ ነበር።

ጫማውን ጠረገ፤ ኮቱን ለበሰ፤ ሞረዱንና ሽቦዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስተካክሎ አስቀመጠ። መኪናው ደርሶ በሩ ሲከፈትለት ዞሮ ወደ እኔ መጣና እጄን ያዘ። «እትዬ፣ ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባለቤቴ ስትመጣ ጥሎኝ ሄደ እንዳትል። ታዝዞ ነው ይበሉልኝ» አለኝ። እሺ አልኩት። ሌላ ምን ልበለው? ማንም ሳይደግፈው ወጥቶ ተቀመጠ፤ ኃላፊዋም «እንዲህ በሰላም የገባልን ሰው የለም» ብላ አመሰገነችኝ። ባለ ሥጋ ቤቱ በክንዴ ይዞ ወደ ቤት አስገባኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩን አልቆልፍም።

ትናንት ኃላፊዋ ደወለች። ጠዋት ይንበረከክና አልነሣም ይላል፣ ጉልበቱ እስኪያብጥ ይቆያል፣ እህልም አልቀመሰም አለችኝ። ቤት ሳለ እንዴት አድርጌ አስነሣው እንደነበር ጠየቀችኝ። ምን ብዬ ልንገራት?  ነገ ማለዳ እመጣለሁ ብያት ዘጋሁት።

ዛሬ ሄድኩ። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ ፀሐይ ይገባዋል፤ በክፍሉ ያሉት ሌሎች ሽማግሌዎች ቁርስ ላይ ነበሩ። እሱ ብቻውን አልጋው ጎን ተንበርክኳል። «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ምን ላድርግ?» ይላል፤ ይጠብቃል፤ ደግሞ ይላል። ፊቱ ከስቷል። ከበሩ ኋላ ቆሜ እንዳልመልስለት ኃላፊዋ አጠገቤ ናት። እሷ ባትኖርም የምችል አይመስለኝም፤ ከሐሙስ ወዲህ ያ ድምፅ ከጉሮሮዬ አልወጣም ብሏል። ለካ የሰውን ልጅ በዚያ ድምፅ ከቤቱ ካስወጡ በኋላ መልሶ ተነሥ ማለት አይቻልም።

ስለዚህ ገባሁና ጎኑ ተንበረከክኩ። ፊቴን እንዲያየኝ አድርጌ፣ በራሴ ድምፅ ተናገርኩት። «ባለቤትህ ነኝ። መጥቻለሁ። ተነሥ፣ ቤታችን እንሂድ» አልኩት። ኃላፊዋ ብትሰማም ግድ አልሰጠኝም።

በጨዋ ደንብ ዞሮ አየኝ፤ ጣቱን ወደ ከንፈሩ አስጠጋ።

«እትዬ፣ እባክዎ ዝም ይበሉ፤ እያዳመጥኩ ነው» አለኝ።

 አብሬው ተንበርክኬ ቆየሁ፤ እሱም እያዳመጠ፣ እኔም እያዳመጥኩ፣ የቁርሱ ሰሐን እስኪነሣ ድረስ። ከዚያ ጉልበቴ እንቢ ሲለኝ ተነሥቼ መጣሁ። እሱ እዚያው ነው።

ና አልልህም፤ ሥራህን አውቃለሁ። ወረቀቱም አለቀ። ስትጠራ የሚመልስልህ አትጣ፤ ልጆችህ እስክታረጅ ፊትህን ይወቁት፣ አንተም የእነሱን እወቅ፤ የሚስትህ እጅ በእጅህ ውስጥ እንግዳ አይሁንብህ።

እናትህ