የመጀመሪያው ብርጭቆ ይደፋል

ኤፕሪል 6

ዛሬም በሩ ላይ ፌጆዋ፣ ያ አረንጓዴ ፍሬ። በቢጫ የዳቦ ከረጢት። ማን እንደሚያስቀምጠው አይታወቅም። እኛ ከተማ ሞቱዌካ ውስጥ በዚህ ወር መኪናህን ካልቆለፍክ ወንበሩን ፌጆዋ ይሞሉልሃል። ጃም ተሠራ፣ ኬክ ተሠራ... አሁንስ ለማን አቤት ይባላል?

ኤፕሪል 9

የእህቴ ልጅ ንጋይሪ መጣች። ሠርጓ በሚቀጥለው ወር፣ በሜይ ነው።

"አጎቴ፣ ለሠርጌ ብርጭቆ የሚነሳበትን መጠጥ አንተ አውጣልኝ።"

ደረቴን ነፋሁ።

"አባባ ግን አንተ ያወጣኸውን አልቀምስም ብሏል።"

አባቷ ትሬቨር እውነቱን ነው። ለገና ያጠጣሁት አረቄ ሁለት ቀን አልጋ ላይ ጣለው። እኔ ደግሞ "አራስ ልጠይቅ መጣሁ" ብዬ ሳቅኩበት። ከዚያ ወዲህ ቤቴን አልረገጠም። ልጁን ሲድር ብርጭቆ ላያነሳ ነው... በእኔ?

ኤፕሪል 11

ፌጆዋውን ጨፍልቄ ከስኳርና ከእርሾ ጋር በርሜል ውስጥ ጣልኩት። አቤቱታዬን አንስቻለሁ።

ኤፕሪል 26

አረቄ ማውጫ ድስቴ ላይ የሚቆመውን ረጅም ቱቦ በመዳብ ሽቦ የድስት መፈተጊያ ጠቀጠቅሁት። (ባለቤቴ ቤቭ እየፈለገችው ነው።) እሳቱን ለቀቅኩ፣ የመውጫውን ቧንቧ ከፈትኩ። ወዲያው ጠርሙስ ሞላ። ኮራሁ።

ቤቭ አሸተተች። "የጥፍር ቀለም ላስለቅቅበት?"

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ። እኔ የምለቅመውም አጣሁ።

ኤፕሪል 27

ቁጭ ብዬ አሰብኩ... ለካ የሚወጣው እንፋሎት አናት ላይ ቀዝቅዞ ከሚመለሰው ጠብታ ጋር ሽቦው ውስጥ መገናኘት አለበት። በተገናኙ ቁጥር ቀላሉ አልኮል ይወጣል፣ ውሃው ይወርዳል። አብዛኛውን መመለስ፣ ጥቂቱን መቀበል። እኔ ሁሉንም ተቀበልኩ፤ ተጋፍቶ ወጣ።

ደግሞ ቀድሞ የሚወጣው ክርፋታም ይደፋል። ገና ዕለት "የመጀመሪያው ለክብር እንግዳ" ብዬ ለትሬቨር የቀዳሁት እሱን ነበር። አይ አዋቂ!

ሜይ 3

ያን ያበላሸሁትን ውሃ ጨምሬ መልሼ አፈላሁት። እሳቱ ትንሽ፣ ቧንቧው ዝግ። ጠበቅሁ። ቤቭ አሞኝ እንደሆነ ጠየቀች።

ከዚያ ቧንቧውን በጥቂቱ ከፈት አደረግሁት፤ ጠብ... ጠብ። መጀመሪያ የመጣውን አረም ላይ ደፋሁት። አረሙ ጠወለገ። እንኳንም ትሬቨር ተረፈ! መጨረሻ ላይ የመጣው እርጥብ ውሻ ሸተተኝ፤ ተውኩት። መሐሉ ግን ጥርት ያለ፣ ፌጆዋ ፌጆዋ የሚል።

ለንጋይሪ ደወልኩ። "ለአባትሽ ንገሪው፤ ለገና ያጠጣሁት የሚደፋውን ነበር። ይቅር ይበለኝ።"

ሳቋን ማቆም አቃታት።

ሜይ 4

በር ተንኳኳ። እዚህ ማን ያንኳኳል? ከረጢት አስቀምጦ መሄድ ነው እንጂ...

ከፈትኩ። ትሬቨር። በአንድ እጁ ቢጫ የዳቦ ከረጢት፣ በሌላው ባዶ ብርጭቆ።

ስንት ጊዜ ነው እንዲህ መጥቶ ሳያንኳኳ የተመለሰው?

ብርጭቆውን ዘረጋልኝ።

"ቅዳ። ግን መጀመሪያ አንተ ትጠጣለህ።"