በመቀመጫህ ላይ እማዬ ተቀምጣለች

ውድ አባቴ፣ አባዬ፤

አፈሩን ያቅልልህ። አንተ ከተለየኸን ክረምቱ አልፎ መስከረም ጠባ፣ ገብሱም ታጭዶ ገባ። ለሞተ ሰው ደብዳቤ አይጻፍም ይሉኛል፤ ይበሉ። ያየሁትን ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ደንግጫለሁ አባዬ። ከኮሶዬ በማኪና ወደ ጎንደር ከተመለስኩ ሳምንት አለፈኝ። አራዳ በተከራየኋት ክፍል ብቻዬን ተቀምጬ ጉድ ነው፣ ጉድ ነው እላለሁ። ተማሪዎቼ ፊት ጠመኔ ይዤ እቆምና የምጽፈው ይጠፋኛል።

ቤቱ ደህና ነው። ቡሬ በሬህ ወፍሯል። ያቺ ሞገደኛ በቅሎህ አሁንም ሰው ትነክሳለች። ወንድሜ ታከለ ጢም አብቅሎ ቁርጥ አንተን መስሏል። ከኮሶው ዛፍ ሥር ያለችው፣ እየተቀመጥክ የምትዳኝባት ድንጋይ ግን ባዶዋን አይደለችም። እማዬ ተቀምጣባታለች። አዎ፣ እማዬ! የመንደሩ ዳኛ፣ ጭቃ ሹሟ አሁን እሷ ናት። ጉድ በል ጎንደር!

ነገሩ የተጀመረው በተዝካርህ ቀን ነው። ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ የእማዬ ታናሽ ወንድም አያ ደሴ ተነሣና፣ እንግዲህ ሹመቱ ወደኔ ነው ብሎ ጋቢውን አስተካከለ። ሽማግሌዎቹም ደግ አልክ አሉት። ያን ጊዜ እማዬ ከሴቶቹ መኻል ብድግ አለች። ርስቱ ያባቴ ነው፣ ታላቋ እኔ ነኝ፣ ባሌም ጭቃ ሹም የሆነው በኔ በኩል ነው፣ ተራው ዛሬም የኔ ነው አለች። ታዲያ ማንን ትወክያለሽ ቢሏት፣ ምነው፣ እኔ አፍ የለኝም? አለቻቸው። ያቺ ሰው ፊት ነጠላዋን አፏ ላይ የምታደርገው እማዬ! አንዱ ሽማግሌ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ብሎ ተረተባት። አልተቆጣችም። ጠላ ጨምራ ቀዳችለትና፣ እስቲ እናያለን አለችው። የበላይ ሹሙ ምስለኔው ሲነገረው ሳቀ አሉ፤ ባለርስትነቷን ግን የሚክድ አልተገኘምና ሹመቷን አጸደቀላት።

የባሰው በኅዳር የሆነው ነው። አያ ደሴ ቂሙን ሆዱ ውስጥ ሲያብላላ ከርሞ፣ ገብሱ ሲደርስ የድንበሩን ድንጋይ ወደኛ ገፋና ማጭዱን ይዞ ማሳችን ውስጥ ገባ። እኔ ለበዓል መጥቼ እቤት ነበርኩ። ታከለ ይህን ሲሰማ አንተ በአርበኝነት የተሸከምከውን ምንሽር ከግድግዳው አውርዶ ወጣ። ተከትዬው ሮጥኩ፤ አንድ ጫማዬ የትም ወልቆ ቀረ። ስደርስ አፈሙዙ አያ ደሴ ደረት ላይ ነው። አያ ደሴም ማጭዱን አንሥቷል። ወንድሜ የገዛ አጎቱን ሊገድል ነው! ከዚያስ? የአያ ደሴ ወንዶች ልጆች ደግሞ እሱን ይፈልጉታል፤ ደም ደምን እየጠራ ማን ሊተርፍ ነው?

እማዬ ከየት እንደመጣች አላየኋትም። በሕግ አምላክ! አለች። ሁለቱም ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ጠመንጃውን ከታከለ እጅ ወስዳ እኔን አስታቀፈችኝ። ከዚያ የታከለን የጋቢ ጫፍ ካያ ደሴ የጋቢ ጫፍ ጋር ቋጠረችው። መቼም አንተ ታውቀዋለህ፤ ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተቆራኝተው ነው ዳኛ ፊት የሚቀርቡት፣ ቋጠሮውን የፈታም ተረታ ማለት ነው። እኛ እዚያው ትፈርዳለች ብለን ስንጠብቅ፣ የደሴን ልጅ ሙሉን ምጥ ይዟታል፣ እኔም እዚያ እፈለጋለሁ፣ ተከተሉኝ ብላ ከፊት ከፊት መሄድ! አያ ደሴ ልጁ ማማጧን የሰማው ገና ያኔ ነው፤ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

አያ ደሴ ቤት ስንደርስ እሷ ከሴቶቹ ጋር ወደ ውስጥ ገባች። ሁለቱ እንደተቋጠሩ ደጅ ላይ ተቀመጡ፤ ፊታቸውን ግራና ቀኝ አዙረው። ሙሉ በጮኸች ቁጥር አያ ደሴ ማርያም ማርያም እያለ ብድግ ይላል፣ ጋቢው ታከለን ይጎትተዋል፣ ታከለም እያጉረመረመ አብሮ ይነሣል። እየቆየ ሲሄድ ግን ታከለ ቀድሞ የሚነሣ ሆነ። የኮሶዬን ብርድ ታውቀዋለህ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አያ ደሴ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ታከለም የራሱን ጋቢ አጋማሽ ደረበለት። ይኸን በዓይኔ በብረቱ አየሁ።

ከዚያ ዕልልታው ተሰማ። ባገራችን ለሴት ልጅ ዕልልታው ያንሳል፣ ለወንድ ይበዛል። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ውጠው ይቆጥራሉ። ለሴት የሚበቃው አለፈ፣ አሁንም ቀጠለ፣ የወንድ ልጅ ሞላ። አያ ደሴ ወንድ ነው! ብሎ ታከለ አንገት ላይ ተጠመጠመ። እማዬ እጇን በነጠላዋ እየጠረገች ወጣችና፣ ሴት ናት፣ እንኳን ማርያም ማረችልህ አለችው። ዕልልታውን ማን አበዛው ሲሉ፣ እኔ ጭቃ ሹሟ አለች። አያ ደሴ ታከለን እንዳቀፈ ነው፤ አሁን ምን ብሎ ይልቀቀው?

ሳትቀመጥ እዚያው ፈረደች። ድንጋዩን የገፋው በገዛ እጁ ይመልሰው፤ ካለ ድንበሩ የታጨደው ገብስ ደግሞ ለአራሷ ገንፎ ይሁን። ሳይመሽ ወደ ማሳው ወረድን። አያ ደሴ ድንጋዩን ለማንሣት ጎንበስ ቢል ወገቡ እምቢ አለው፤ ታከለ በወዲያ በኩል ያዘለት። ቋጠሮውን የፈታላቸው ሰው አልነበረም። ረስተውታል።

እኔን እስካሁን የሚያስደነግጠኝ ግን ከዚያ በኋላ ትዝ ያለኝ ነገር ነው። አንተ የሰው ክርክር ሰምተህ ስትጨርስ ነገሩ ይደር ትል ነበር። ማታ እማዬ እግርህን ስታጥብህ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስታወራህ እሰማለሁ፤ የቤት ጣጣ ይመስለኝ ነበር። ጠዋት ሸጋ ፍርድ ይዘህ ትወጣለህ። አገሩም የአያ ተሰማ ፍርድ እያለ ያወድስሃል። አባዬ፣ ፍርዱ የማን ነበር? እማዬን ጠየቅኋት። አባትሽ መስማት ያውቅ ነበር ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች። እንዴት ይህን የመሰለ ነገር ለልጆችህ ሳትነግር ትሞታለህ? ተናድጄብህ ነበር። ቆይቼ ደግሞ አለቀስኩ፤ ሚስቱ ማታ የነገረችውን ጠዋት አደባባይ ላይ የሚፈጽም ወንድ ስንት አለ?

ለሙት ዓመትህ እመጣለሁ። ታከለና አያ ደሴ እንጨቱን ካሁኑ አብረው እየፈለጡ ነው፤ ምንሽርህም ወደ ግድግዳው ተመልሷል። ሰው እንደ ልማዱ ፍርድህን ሲያነሣ ግን ዝም አልልም፤ የማን ምክር እንደነበረ እናገራለሁ። አትቀየመኝ አባዬ። እኔ እስካለሁ ድረስ የማስታውስህ ከኮሶው ሥር ሆነህ ስትፈርድ አይደለም፤ ማታ እግርህን ውኃው ውስጥ ነክረህ፣ አንገትህን ወደ እማዬ ዘንበል አድርገህ ስትሰማ ነው።

ልጅህ የሺ