አባትህ ያልተኮሱ ዕለት

ይድረስ ለልጄ ለወንዳወቅ። ማርያም በሄድክበት ሁሉ ትቅደምልህ፤ ልጅህ አምላኩስ እንዴት ከረመ? እኛ ደህና ነን፤ በቆሎውም ዘንድሮ አላሳፈረን።

ባለፈው ሳምንት አንበሳ ከዓባይ ቆላ ወጥቶ ቀይዋን ጊደር በላብን። ዕድርተኛው አምና ተማምሏል፦ ለአንበሳ ገዳይ እልል አይባልም፤ ከብቱ ለተበላበት ግን ሁሉም አዋጥቶ ይተካለታል። አባትህ ይህን እያወቁ ጠመንጃቸውን ይዘው ወጡ። የአያትህ የአንበሳ ጎፈር ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ማን ይመልሳቸዋል? መሐላውን ሊያፈርሱት ነው ብዬ ስባባ ዋልኩ። አመሻሽ ላይ ሲመለሱ ጥይቱን እጄ ላይ ቆጠሩልኝ፤ አንድም አልጎደለም። "አግኝቼው ነበር፤ ጣቴን መሐላው ያዘው" አሉኝ።

በማርያም ዝክር ብድግ ብለው ፎከሩ። "ዘራፍ! ጊደሯን የበላውን ፊት ለፊት አግኝቶ የማረ!" እልልታውን እኔ ጀመርኩት፤ ሴቱ ሁሉ ተከተለኝ።

ከዚህ በፊት አምላኩ በስልክ "አባባ፣ እርስዎስ አንበሳ ገድለዋል?" ሲላቸው ስልኩን ለእኔ ያቀበሉኝ ትዝ ይልሃል?

ብርዱን ተጠንቀቅ፣ ጾምህንም አትርሳ። ዘርህን ይባርክልኝ። እሑድ ስትደውል ልጁ ያንኑ ደግሞ ይጠይቃቸው።

እናትህ ደጊቱ