ወፍጮው የገደፈበት ሁዳዴ

የካቲት 3 ቀን 1999

ቅዳሜ። እንዲሁ ቅዳሜ። ዩኒቨርሲቲ ግቢ አልሄድኩም፤ የመመረቂያ ጥናቴ ያለው እዚሁ አቃቂ፣ አክስቴ እትዬ መሰለች ወፍጮ ቤት ነው። ርዕሱ ሲነበብ ያስፈራል፦ ሰበቃ፣ የብረት መበላትና ማለስለሻ። ሥራው ግን ቀላል። የወፍጮው ዘንግ የሚዞርበትን የናስ ኩሽኔታ መዝኜ አስገባለሁ፣ በአንድ ዓይነት ቅባት አሠራዋለሁ፣ አውጥቼ መልሼ እመዝነዋለሁ። የቀለለውን ያህል ተበልቷል ማለት ነው።

የኑግ ዘይት ሞከርኩ፤ እንደ ሙጫ ተጣበቀ። ጉሎ ሸጋ ነበር። የቀረኝ የበሬ ሞራ ነው። ዛሬ ለቅበላ ከተገባው ቅርጫ የቤታችንን ድርሻ ሞራ አነሳሁ። እትዬ አየችኝ።

"ሰኞ ሁዳዴ ይገባል። ነገ ጨርሺልኝ!"

እሺ አልኩ።

የካቲት 4

መብራት የለም።

የካቲት 11

መብራት ይመጣል፣ ይሄዳል። ሲመጣ ደግሞ ሰው ሁሉ ከረጢቱን ተሸክሞ ይመጣል። ኩሽኔታ ለመፍታት የት ፋታ አለ? አማካሪዬ ደውለው "የሞራው ውጤት የት ደረሰ?" አሉኝ። የት ደረሰ እላለሁ… ጣሳ ውስጥ ነው ያለው።

የካቲት 19

ጉድ ፈላ።

በማለዳ፣ ሰው ሳይመጣ ሞራውን አስገባሁ። ለእትዬ አልነገርኳትም። ብረት ይጾማል እንዴ? ሞራው ኩሽኔታው ውስጥ ነው፣ ዱቄቱ በወዲያ በኩል ይወርዳል፣ አይገናኙም። ማን ያውቃል?

አፍንጫ አወቀ።

ረፋዱ ላይ ኩሽኔታው ጋለ፣ ሞራው ቀለጠ፣ ከዚያ ጠስ… ጠስ… ወይኔ! ጥብስ! የቀረው ሽንኩርት ብቻ ነበር። የሰፈራችን ዜና ያለ እሷ አይጀመርም የምትባለው የሺሐረግ አፍንጫዋን ቀና አደረገች።

"መሰለች… ጓዳ ምን ጥደሽ ነው?"

"ምን እጥዳለሁ? እኔ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውኃ እንኳ አልቀምስ!"

"ውኃ እንዲህ ይሸታል?"

"እኔ ነኝ" አልኩ ዘልዬ። "ሞራ ነው፣ ኩሽኔታው ውስጥ። ለጥናት ነው።"

የሺሐረግ ጉንጬን ዳበሰችኝ። "የኔ ልጅ፣ አክስትሽን ስትወጂያት! ሞራ ብረት ውስጥ ምን ይሠራል?"

እህሏን ተሸክማ ወጣች። የቀሩትም ተከተሏት።

የካቲት 21

የማርያም ማኅበር። ተራው የእትዬ ነበር። ድፎው ተደፍቶ፣ ጠላው ተጠምቆ… ማንም አልመጣም። "ሥጋ በጠበሰችበት እጇ የጋገረችውን ልቅመስ?" ተባለ አሉ። ስንት ዓመት አብረው የጠጡ ሴቶች! እትዬ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በር በሩን እያየች አመሸች። አልተቆጣችኝም። ምነው በተቆጣችኝ…

የካቲት 22

የእትዬ የነፍስ አባት አባ ዘአማኑኤል ዘንድ ሄድኩ። ሁሉን ዘረገፍኩት። ሰበቃ፣ ሙቀት፣ መቅለጥ።

"ይሄን ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ነው ያስተማሩሽ?"

"አዎ አባ።"

"ጥብስ?"

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና "ቅዳሜ በሁሉም ፊት አድርጊው። እንደዚያው ከሸተተ መሰለች ንጹሕ ናት፤ ካልሸተተ ግን እኔም አፌን እይዛለሁ" አሉኝ። አማካሪዬ "ውጤት ሲደገም ነው ውጤት የሚሆነው" የሚሉት ይሄንን ይሆን?

የካቲት 24

ቅዳሜ ደረሰ።

የሚያስፈጨውም የማያስፈጨውም መጣ። መጀመሪያ ጓዳው ተፈተሸ፤ የሺሐረግ ድስት አንድ በአንድ ከፍታ አሸተተች። ከዚያ ሁሉም እያየ ሞራውን ጨመርኩ። ሞተሩ ተነሣ። ጠበቅን… ምንም! ኩሽኔታውን ዳሰስኩት፤ ቀዝቃዛ።

"ይኸው!" አለች የሺሐረግ።

እትዬ ፊቷ አመድ መሰለ። አባ ወደ መሬት አዩ። ምን ጎደለ? ያን ቀን ምን ነበረ፣ ዛሬ የሌለ?

እህል! ወፍጮው ባዶውን ነው የሚዞረው። ካልተጫነው ሰበቃው ከየት ይመጣል? ካልተፋተገ በምን ይግላል?

"እህል ስጡኝ!"

ሁሉም ከረጢቱን አቀፈ። "የኔ እህል ይገደፍበት?"

ባለሱቋ ኡሙልኸይር ከኋላ ገፋ ገፋ አድርጋ መጣች። "ኧረ ወዲያ! የኔ ጾም ገና ነው። በሉ በቆሎዬን ክተቱት!"

በቆሎው ገባ። ወፍጮው አጓራ። ዘንጉ ከበደው… ቆይቶ ቆይቶ መጣ። ጥብስ! እሳት የለ፣ መጥበሻ የለ፣ ጥብስ ብቻ! አንዷ "እግዚኦ" አለች፣ ሌላዋ ዓይኗን ጨፈነች። አባ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

"በቃ በቃ! አጥፊው! ምራቄን ዋጥኩ እኮ!" አሉ።

የሺሐረግ እትዬ እግር ላይ ልትወድቅ ስትል፣ እትዬ ትከሻዋን ያዘቻት። "መሰለች፣ ይቅር በይኝ።"

"እግዜር ይቅር ይበልሽ። ድስቶቼን ግን እንደከፈትሻቸው ክደኚያቸው።"

የካቲት 25

ማኅበሩ ዛሬ ተጠጣ። ድፎ እንደ አዲስ ተደፋ። የሺሐረግ ዕቃ ልታጥብ ቀርታ፣ ስታጥብ ስታወራ መሸ።

ሚያዝያ 2

ፋሲካም አለፈ። ጥናቱን አስገባሁ። ጉሎ አንደኛ። ስለ ሞራ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ሲሞቅ ቀልጦ ስለሚፈስ ኩሽኔታውን ለመበላት ያጋልጣል፤ ለወፍጮ አይመከርም።" ሽታውን አልጻፍኩም። በምን ይለካል?

ዛሬ ወረፋው እስከ አስፋልቱ ነው። የሺሐረግ ከፊት ቆማ አሸተተች። እንደገና አሸተተች።

"ምን አስገብተሽበት ነው?"

"ጉሎ።"

"ጉሎ?" ዞር ብላ ሴቶቹን አየች። "ምነው ልጄ፣ ተፈስኮ የለም እንዴ?"

ወረፋው በሳቅ ፈረሰ። እትዬ መሰለች ከውስጥ ጮኸች፦

"ሥጋ ካማረሽ ግቢ! ዶሮው ጓዳ ነው፣ ድስቱን መቼም ታውቂዋለሽ!"